ልጁ ሳይወድቅ ፍሳሹ ሲናገር

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



ደረሳ ፊቅህ ሲጀምር መጀመሪያ የሚቀራው የውሃን ምዕራፍ ነው። ሶላት ዘንድ ከመድረሱ በፊት ስለ ዝናብ ውሃ፣ ስለ ጉድጓድ ውሃ፣ ነጃሳ ስለነካው ውሃ፣ ሁለት ቁለት ስለሚሞላና ስለማይሞላ ውሃ ሲቀራ ሳምንታት ይቆያል። ልጅ ሆነን ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ አይገባንም ነበር። ነጃሳው ከታጠበ በኋላ ውሃው የት እንደሚሄድ ግን ማናችንም አልጠየቅንም። ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ በቅርቡ ከአሜሪካ የደወለልኝ የሰፈራችን ልጅ ነው። እሱ በሚኖርበት ከተማ የጤና ቢሮው ከውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱ ጋር ተስማምቶ፣ ከየሰፈሩ የሚወጣውን ፍሳሽ እየቀዳ በሽታ እንደሚፈልግበት ሰምቷል። «ኡስታዝ፣ ይህ ተጀሱስ አይደለም ወይ? ሽንት ቤታችን ድረስ ገቡብን እኮ!» አለኝ።

እየሳቀ ነበር የጠየቀኝ፤ ጥያቄው ግን የሚሳቅበት አይደለም። የሰውን ገመና መሰለል በሱረቱል ሑጁራት በግልጽ የተከለከለ ነገር ነው። ወዲያው መመለስ ስላልቻልኩ «ቆይ ላንብብ» አልኩት። ያነበብኩትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው ለንደን ነው። እ.ኤ.አ በ1854 ኦገስት ሊያበቃ ሲል ሶሆ በሚባለው ሰፈር ኮሌራ ገባና በአሥር ቀን ውስጥ ብቻ ከ500 በላይ ሰው ገደለ። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሐኪም በሽታው ከመጥፎ ሽታ፣ ከተበከለ አየር ይመጣል ብሎ ያምን ነበር። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ግን «ከውሃ ነው» ባይ ነበር። የሟቾቹን አድራሻ ከመዝገብ ወስዶ ቤት ለቤት ሲዞር፣ ሞቱ ብሮድ ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ ባለው የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማችቶ አገኘው። ሴፕቴምበር 8 ቀን የፓምፑ እጀታ ተነቀለ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። እኔን የያዘኝ ከስኖው ጎን ያለው ሰው ነው። ሄንሪ ዋይትሄድ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የሰፈሩ ረዳት ቄስ ነበር። (እኔም ረዳት ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ልቤ ወደሱ ያደላው።) ዋይትሄድ የስኖውን ሐሳብ አልተቀበለም ነበር፤ እንዲያውም ስህተት መሆኑን ላሳይ ብሎ ነው ምርመራ የጀመረው። ስኖው የሌለው ነገር ግን እሱ ዘንድ ነበር። ሰዎቹን ያውቃቸዋል። ማን የት እንደሚኖር፣ ማን ለማን ውሃ እንደሚቀዳ፣ ከሞቱ ሸሽቶ ሰፈር የለቀቀው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ በሩን ሲያንኳኳ ይከፈትለታል። አንዱን ቤት አራት አምስት ጊዜ እየተመላለሰ ሲጠይቅ ቆይቶ በመጨረሻ ስኖው ትክክል መሆኑን ራሱ አመነ።

በዚያ ብቻ አላበቃም። የሞት መዝገቡን ሲያገላብጥ፣ ወረርሽኙ ከመፈንዳቱ በፊት ተቅማጥ የያዛት በብሮድ ስትሪት 40 ቁጥር የምትኖር አንዲት ጨቅላ አገኘ። ቤቱ ከፓምፑ ፊት ለፊት ነው። እናቲቱን ሄዶ ጠየቃት፤ የልጇን ጨርቅ እያጠበች እጣቢውን ከቤቱ ሥር ወዳለው የሽንት ቤት ጉድጓድ ትደፋው እንደነበር ነገረችው። ባለሙያ ቆፍሮ ሲያይ የጉድጓዱ ግንብ ፈራርሷል፤ ከፓምፑ የውሃ ጉድጓድ ጋር የሚለያቸውም አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። በሽታው የተነሳው ከዚያ ነበር። የሕፃኗ አባት ራሱ የታመመው ልክ እጀታው በተነቀለ ቀን ነው። እጀታው ባይነቀል ኖሮ ጉድጓዱ ሁለተኛ ዙር ሞት ባስተናገደ ነበር።

ስኖው በዚያው ዓመት ሌላም ሥራ ነበረው። ደቡብ ለንደን ውስጥ ሁለት የውሃ ኩባንያዎች ቧንቧቸውን በአንድ መንገድ ዘርግተው ጎረቤትና ጎረቤት የተለያየ ውሃ ይጠጣ ነበር። ላምቤዝ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1852 መቅጃውን ከከተማው ፍሳሽ በላይ ወዳለው የቴምዝ ወንዝ ክፍል አዛውሯል። ሳውዝዋርክና ቮክሶል የሚባለው ግን የከተማው ፍሳሽ ከሚገባበት ቦታ ነበር የሚቀዳው። ብዙ ሰው ውሃው የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ እንኳ አያውቅም ነበር፤ ስኖው ከየቤቱ ውሃ እየወሰደ በጨው መጠኑ ይለየው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሰባት ሳምንታት ከአሥር ሺህ ቤት ውስጥ በሳውዝዋርክና ቮክሶል ደንበኞች 315 ሰው ሲሞት፣ በላምቤዝ ደንበኞች 37 ሞተ። ይህን ቁጥር ለማግኘት የሞት መዝገቡ ከጤና በኩል፣ የቧንቧው መስመር ደግሞ ከውሃው በኩል መምጣት ነበረበት። ሐኪሙ በሽታውን ያውቃል፤ የትኛው ቤት ከየትኛው ቧንቧ ጋር እንደሚገናኝ የሚያውቀው የውሃው ሰው ነው። የዛሬው «ትብብር» የሚባለው ነገር ሥሩ ይኸው ነው።

ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ደግሞ ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ በ1866 ታየ። በምሥራቅ ለንደን ኮሌራ ገብቶ ከ5 ሺህ በላይ ሰው ፈጀ። የሞት መዝገቡ ወደ አንድ የውሃ ኩባንያ ጠቆመ። የኩባንያው መሐንዲስ ያልተጣራ ውሃ ለሕዝብ አላሠራጨንም ብሎ በጋዜጣ ጻፈ። ከዚያ ደንበኞች ከቤታቸው ቧንቧ ውስጥ ኢል የሚባለውን እባብ መሳይ ዓሣ እንዳገኙ ተናገሩ! ዓሣ በማጣሪያ አሸዋ ውስጥ አያልፍም። ሱብሐነላህ፣ ሰው ሲዋሽ ዓሣ መሰከረበት።

ፍሳሹን ራሱን ለምስክርነት መጥራት የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ በ1939 በአሜሪካ ቻርልስተን ከተማ የልጅነት ልምሻ፣ ማለትም ፖሊዮ፣ ወረርሽኝ በነበረ ጊዜ ጆን ፖልና ጄምስ ትራስክ የተባሉ የየል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከከተማው ፍሳሽ ናሙና ወስደው ቫይረሱን አገኙበት። ያኔ ቫይረስ መኖሩ የሚታወቀው ናሙናውን ዝንጀሮ ላይ ወግቶ ሽባ መሆን አለመሆኑን በማየት ነበር። አድካሚም ውድም ሥራ ነው። ቢሆንም አንድ ትልቅ ነገር ታወቀ፤ በሽታው ከታመሙት ልጆች ይልቅ ባልታመሙት ልጆች አንጀት ውስጥ በብዛት ይኖራል።

ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1948፣ ብሬንዳን ሙር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ኖርዝ ቶውተን በምትባል ትንሽ ከተማ የሠራውን አሳተመ። በከተማዋ ፓራታይፎይድ እየተመላለሰ ሰው ያሳምም ነበር፤ ከማን እንደሚመጣ ግን አልታወቀም። ሙር የፋሻ ጥቅል በገመድ አስሮ በፍሳሽ ጉድጓዶቹ ውስጥ ለቀናት አንጠለጠለ። ባክቴሪያው የተገኘበትን መስመር ይዞ ወደ ላይ ወጣ፤ መስመሩ ሁለት ሲሆን ሁለቱንም ፈተነ፤ እንዲህ እያለ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ሄዶ አንድ ቤት ደረሰ። ቤቱ ውስጥ ራሱ ሳይታመም በሽታውን የሚሸከም ሰው ነበር።

የወንድሜ ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። በኪታቦቻችን የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ዑመር (ረዲየላሁ ዐንሁ) በሌሊት ከተማውን ሲዞሩ ከአንድ ቤት የዘፈን ድምፅ ሰሙ። አጥር ዘለው ሲገቡ ሰውየውን ከመጠጥ ጋር አገኙት። ሰውየው ግን አላፈረም፤ እኔ በአንድ ነገር ባጠፋ እርስዎ በሦስት አጥፍተዋል አላቸው። ሰልለዋል፣ በበሩ አልገቡም፣ ፈቃድም አልጠየቁም። ዑመር ትተውት ወጡ። አሚሩል ሙእሚኒን ነበሩ እኮ!

እኔ ሙፍቲ አይደለሁም። ፈትዋውን ለዑለማዎቻችን እተዋለሁ። በእኔ ዕይታ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። የአንድ ከተማ ወይም የአንድ ሰፈር ፍሳሽ ማጣሪያው ዘንድ ሲደርስ የሺዎች ሰዎች ነገር ተቀላቅሎበታል፤ የማን እንደሆነ ማንም አያውቀውም፣ ማንም ስሙ አይነሳም። ይህ የሕዝብን ሁኔታ ማወቅ ነው። እንደ ሙር መስመሩን ተከትሎ አንድ ቤት በር ላይ መድረስ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ የግለሰብ ገመና አለ። እዚያ መድረስ ካስፈለገ በበሩ ነው የሚገባው፤ አንኳኩቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ ሚስጥር ጠብቆ። ዋይትሄድም ያደረገው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ራሀት ልውሰዳችሁ። ራሀት በእስራኤል ደቡብ፣ በነቀብ በረሃ ያለች የበደዊን ዐረቦች ከተማ ናት፤ ሕዝቧ ሙስሊም ነው። ስለ ሀገሩ ፖለቲካ ሁላችንም የምናውቀውን እናውቃለን፣ ዛሬ ወደሱ አልገባም። ሀገሪቱ እ.ኤ.አ ከ1989 ጀምሮ ፖሊዮን ከፍሳሽ ውስጥ በቋሚነት ትፈልግ ነበር። በ2013 ኤፕሪል 9 ቀን ከራሀት ፍሳሽ በተወሰደ ናሙና ውስጥ የዱር ፖሊዮ ቫይረስ ተገኘ። የቆዩ ናሙናዎች እንደገና ሲመረመሩ ቫይረሱ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ በአካባቢው እንደነበረ ታወቀ። ዘሩ ከፓኪስታኑ ቫይረስ ነበር፤ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎም በ2012 ዲሴምበር ከካይሮ ፍሳሽ ተገኝቶ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው አንድም ልጅ አልታመመም ነበር። ምክንያቱ ይህ ነው። ከ2005 ጀምሮ የሀገሪቱ ሕፃናት የሚከተቡት በመርፌ የሚሰጠውን ክትባት ብቻ ነበር። መርፌው ልጁን ከሽባነት ይጠብቀዋል፤ ቫይረሱ አንጀቱ ውስጥ ገብቶ እንዳይራባ ግን በደንብ አይከለክልም። ያልተከተበ ሕዝብ ውስጥ እንኳ ፖሊዮ ከያዛቸው 200 ያህል ሰዎች ሽባ የሚሆነው አንድ ሰው ገደማ ነው። በተከተበ ሕዝብ ውስጥ ቫይረሱ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ከልጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ፣ ያልተከተበ ልጅ እስኪያገኝ ድረስ ይጓዛል። ሆስፒታል ተቀምጦ በሽተኛ የሚጠብቅ ሐኪም ይህን አያይም። ያየው በፍሳሽ ማጣሪያው ላይ የተቀመጠው የናሙና መቅጃ ነው።

ከዚያ በኋላ የናሙና ቦታዎቹ በዙ፤ ወር ይጠብቅ የነበረው ቅጂ በየሳምንቱ ሆነ፤ ቫይረሱ በሌሎችም ከተሞች ፍሳሽ ውስጥ ታየ። በኦገስት መጀመሪያ ላይ በደቡብ፣ ቀጥሎም በመላ ሀገሪቱ ከአሥር ዓመት በታች ላሉ ልጆች በአፍ የሚሰጠው የጠብታ ክትባት ተጀመረና ከ900 ሺህ በላይ ልጆች ወሰዱ። ወላጆች «ልጄ ተከትቧል፣ ጤነኛ ነው፣ ለምን ድጋሚ?» ብለው መጠየቃቸው አልቀረም። መልሱ ጠብታው ለእሱ ሳይሆን ለጎረቤቱ ልጅ ነው የሚል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ቫይረሱ ከፍሳሹ ጠፋ። አንድም ልጅ ሽባ አልሆነም።

በዚያው በ2013 ኤፕሪል ወር፣ ከቀይ ባሕር ማዶ በእኛ በኩል፣ ሞቃዲሾ ውስጥ አንዲት ሕፃን ሽባ ሆነች። ይህኛው ቫይረስ የመጣው ከናይጄሪያ በኩል ነው። ሶማሊያ ውስጥ በዚያ ዓመት 194 ልጆች ያዙ፤ ኬንያ ተሻገረ፤ በእኛ ሶማሌ ክልል ዶሎ ዞን ገባ። በ2014 ጃንዋሪ የመጨረሻው እስኪመዘገብ ድረስ ኢትዮጵያ ውስጥ 10 ልጆች ሽባ ሆኑ። ዶሎም እንደ ራሀት የሙስሊም አርብቶ አደር ሀገር ነው፤ ልጆቹም ያው ልጆች ናቸው። ግን ዶሎ ውስጥ የፍሳሽ ቧንቧ የለም፤ ስለዚህ የሚቀዳ ናሙናም የለም። በሽታው መግባቱን የተናገረው የልጅ እግር ነው።

ራሀት ዙሪያ ራሱ ይህ ልዩነት አለ። በነቀብ በረሃ መንግሥት እውቅና ያልሰጣቸው የበደዊን መንደሮች ብዙ ናቸው፤ ቧንቧ አልገባላቸውም። የናሙና መቅጃው እነሱን አያያቸውም። የእኛም ነገር ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው ቤት ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተያያዘም። የመስጂዳችን የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲሞላ የምንጠራው መምጠጫ መኪና ነው፤ ያውም ወረፋ ጠብቀን። ቧንቧ ሐብት ነው፤ ፍሳሽን መመርመርም መጀመሪያ ቧንቧ ላለው ነው የሚደርሰው።

ሕዝብ ስለማያምንበትም ጊዜ ሳልናገር ባልፍ አማና አጎደልኩ ማለት ነው። እ.ኤ.አ በ2011 የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ቢን ላደንን ፍለጋ ፓኪስታን አቦታባድ ውስጥ የሄፓታይተስ ክትባት ዘመቻ አስመስሎ አሠራ። ነገሩ ሲጋለጥ የተጎዱት የፓኪስታን ልጆችና ጠብታ ተሸክመው ቤት ለቤት የሚዞሩ ምስኪን ሴቶች ናቸው፤ ከ2012 ዲሴምበር ጀምሮ ብዙዎቹ በጥይት ተገደሉ። ዋይት ሐውስ የክትባት ዘመቻ ለስለላ ከእንግዲህ አይውልም ብሎ ያስታወቀው በ2014 ነው። ያ ቃል ለሞቱት አልደረሰም። ወንድሜ «ተጀሱስ አይደለም ወይ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ያልተቆጣሁት ለዚህ ነው። ጥርጣሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ፓኪስታን ውስጥ ክትባት ፈሪው ቤቱን ሲዘጋ፣ ቫይረሱ መኖሩን እየነገረ የቀጠለው የካራቺና የሌሎች ከተሞች ፍሳሽ ነው። ፍሳሹ ይናገራል፤ ጠብታውን ልጁ አፍ ላይ የሚያደርሰው ግን ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ካልታመነ በር አይከፈትለትም።

ወደ አሜሪካው ልመለስ፣ ወንድሜ የሚኖረው እዚያ ነውና። በ2020 ኮቪድ ሲገባ ሂዩስተን ከተማ ውስጥ የጤና ቢሮው፣ ፍሳሹን የሚያስተዳድረው የከተማው ሥራዎች መምሪያና ራይስ ዩኒቨርሲቲ አብረው ሥራ ጀመሩ፤ ናሙናው ከሁሉም 39 የከተማው ፍሳሽ ማጣሪያዎች ይወሰድ ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የሀገሪቱ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ብሔራዊ ሥርዓት ዘረጋ። የፍሳሽ መሥሪያ ቤቶች ሥራቸው ውሃ ማጣራት ነው፤ የበሽታ ነገር የእነሱ ግዴታ አይደለም። ናሙናውን በተወሰነ ሰዓት የሚቀዳው ግን የእነሱ ሠራተኛ ነው። በዚያ ቀን ስንት ውሃ እንደፈሰሰ የሚናገረውም እሱ ነው፤ ዝናብ ዘንቦ ፍሳሹ ከቀጠነ ቁጥሩ ይሳሳታልና። የትኛው ማጣሪያ የትኛውን ሰፈር እንደሚቀበል የሚያሳየው ካርታም በእጁ ነው። ላብራቶሪው በጋዜጣ ይወጣል፤ ጉድጓዱን የከፈተውን ሰው ማንም አያነሳውም። አላህ አጅሩን ይስጠው።

በ2022 ኒውዮርክ ግዛት ሮክላንድ ካውንቲ ውስጥ አንድ ያልተከተበ ወጣት በፖሊዮ ሽባ ሆነ። ለኮቪድ ተብለው ከዚያ በፊት የተቀዱ ናሙናዎች ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበሩ። አውጥተው ሲመረምሯቸው ቫይረሱ ልጁ ከመታወቁ በፊት ወራት አስቆጥሮ ነበር። መረጃው ነበረ፤ በጊዜው የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።

የመጨረሻው ጋዛ ነው። በ2024 ጁን 23 ቀን ከኻን ዩኒስና ከደይር አል በለሕ ስድስት የፍሳሽ ናሙናዎች ተወሰዱ። ያኔ ማጣሪያዎቹ ቆመዋል፣ ቧንቧው ፈርሷል፣ ፍሳሹ በድንኳኖች መካከል በሜዳ ይፈስ ነበር። በዚያ ሁሉ መካከል ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ናሙና የቀዳ ሰው ነበረ። ጁላይ አጋማሽ ላይ ከክትባት የተለወጠው ሁለተኛው ዓይነት የፖሊዮ ቫይረስ በስድስቱም መገኘቱ ተነገረ። ማስጠንቀቂያው በጊዜ ነው የመጣው፤ በጊዜ ያልመጣው ተኩስ ማቆም ነው። ኦገስት 16 ቀን ደይር አል በለሕ ውስጥ የአሥር ወር ሕፃን ሽባ መሆኑ በአማን ላብራቶሪ ተረጋገጠ፤ በጋዛ ከ25 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበር። የተወለደው ጦርነቱ ሊጀምር አካባቢ ስለነበር መደበኛ ክትባቱን አላገኘም።

ሴፕቴምበር 1 ቀን ተኩሱ በየአካባቢው ለተወሰኑ ሰዓታት ጋብ ሲል ጠብታው ተጀመረ። እናቶች ከድንኳን፣ ከፈረሰ ቤት፣ ከትምህርት ቤት መጠለያ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። በመጀመሪያው ዙር ከ550 ሺህ በላይ ልጆች ጠብታውን ወሰዱ።